ስለ ማንኮራፋትህ የሰጠሁት ምስክርነት

ለመሪጌታ ይትባረክ፤ በሰው ፊት «አንቱ»፣ በቤት ውስጥ «አንተ» እያልሁ ለኖርሁት ባሌ።

ከተለየኸኝ ዛሬ ሰባት ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ሆነ። በደብዳቤ ደንብ መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል። እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ ሳስተምር «ጤና ሳትጠይቁ ጉዳይ አትጀምሩ» እያልሁ ስንቱን ልጅ አሰልችቻለሁ። ያንተን ጤና ግን አልጠይቅም። ያለህበት ቦታ ሕመምም ድካምም የለም ብለህ በስንት ቀብር ላይ ያስተማርህ ራስህ ነህ፤ አሁን ደርሰህ አይተኸዋልና ተሳስተህ ከሆነ በሕልሜ መጥተህ አርመኝ። የኔን ከጠየቅህ፣ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ከመቆጣቱ በቀር ደህና ነኝ። ምላሴም ደህና ነው። ሰፈሩ ይመሰክራል።

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ግድግዳ የምንጋራት ወይዘሮ አሰገደች ሃያ ዓመት ሙሉ «መሪጌታ ዛሬም ሌሊቱን ሲያርሱ አደሩ» እያለች ስታማህ የኖረች ሴት አይደለች? በሰልስትህ ማግስት መጥታ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፤ «የሺ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ለካ ድምፃቸውን ለምጄው ኖሯል»። ተቃቅፈን አለቀስን። ለማንኮራፋቱ እንባ የፈሰሰለት ሰው በዚህ ከተማ ካንተ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

በቅኔ ማኅሌት ባንተ ቦታ የቆሙት መሪጌታ ሸጋ ሰው ናቸው። ድምፃቸው ያምራል፣ ቃል አይሰርቁም፣ ከዋዜማ እስከ ንጋት ዓይናቸው አይከደንም። ስለዚህም እስካሁን ቅዱስ ናቸው ያለ ሰው አልሰማሁም።

የምጽፍልህ ግን ወሬ ለማቀበል አይደለም። የምናዘዘው አለኝ። ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ ስግደቱንም ጉልበቴ የቻለውን ያህል ሰግጃለሁ። ቢሆንም የበደልሁት እሳቸውን አይደለም፤ አንተን ነው። ስለ እንቅልፍህ በሐሰት መስክሬአለሁ። ያ ምስክርነት ደግሞ አንተን ሸኝቶ አላረፈም፤ ልጃችንን ሊወስድብኝ ጫፍ ደርሶ ነበር።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ያ የደብራችን ክብረ በዓል ትዝ ይልሃል? ከዳባት የመጡ አንድ አዛውንት አባት እንግዳ ሆነው ቆመው ነበር። አንተ መቋሚያህን ብብትህ ሥር ሸጉጠህ፣ ጥምጣምህን ወደ ደረትህ ደፍተህ ቆምህ። ማኅሌቱ ቀጠለ፤ ጸናጽሉ ተንሿሿ፤ አንተ አልተንቀሳቀስህም። ተራህ ሲደርስ ድንገት እንደተጠራ ሰው ነቃ ብለህ ዜማውን ከተቋረጠበት ከጫፉ አነሣኸው። አንዲት ቃል አላጎደልህም። አዛውንቱ እንባቸው በጺማቸው ላይ እየወረደ «ነፍሳቸው ተነጥቃ ተመለሰች!» ብለው ጉልበትህን ሳሙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «መሪጌታ ይትባረክ በተመስጦ ይነጠቃሉ» የሚለው ወሬ እስከ እንፍራንዝ ወረደ። እኔ ከሴቶቹ በኩል ቆሜ የታች ከንፈርህን አየሁት። ያን ከንፈር ከሠርጋችን ሳምንት ጀምሮ አውቀዋለሁ። እንደዚያ ሲንጠለጠል ነፍስህ የትም አልሄደችም፤ ተኝታለች።

ቤት ገብተን «ምነው ዝም አልሃቸው? ተኝተህ እኮ ነበር» ብልህ፣ ጥምጣምህን እየፈታህ «ሰው በራሱ ቅድስና አይመሰክርም፤ በራሱ እንቅልፍስ ምን አግብቶኝ እመሰክራለሁ?» አልህ። ሳቅሁ። ከሳቅሁ በኋላ መናገር ይከብዳል። አንድ ሁለት ወጣት ካህናት ያንተን ተመስጦ እንለማመድ ብለው ዓይናቸውን ጨፍነው ሲቆሙ፣ የአንዱ መቋሚያ አምልጦ ከበሮው ላይ ሲወድቅ እንኳ ዝም አልሁ።

እየቆየ ግን የሚያስቅ መሆኑ ቀረ። ተማሪ እያስጠናህ በቃል መሐል ታንቀላፋለህ፤ ተማሪው እጁን ዘርግቶ እስክትነቃ ይጠብቃል። ጠዋት ራስህን ይዘህ ትነሣለህ። ትቆጣለህ፤ አንተ በሕይወትህ ውሻ ተቆጥተህ የማታውቅ ሰው። ከዚያ ያ የጾም ቀን መጣ። ከልጅነትህ ጀምሮ በቃልህ ያለውን ዜማ ጀምረህ መሐሉ ላይ ጠፋህ። ሌላው ተቀብሎ አነሣልህና ነገሩ በሰው ዓይን ሳይገባ አለፈ። አንተ ግን ቤት መጥተህ ጥምጣምህን ሳትፈታ አልጋው ጫፍ ላይ እስኪመሽ ተቀመጥህ። አርባ ዓመት የሰበሰብኸው ከእጅህ እየፈሰሰ እንደሆነ ያን ቀን ገባህ። ለኔም ገባኝ።

በሳምንቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ በልተህ በቀን ብርሃን መስኮቱ ሥር ጋደም ስትል፣ እኔ አጠገብህ ቁጭ ብዬ ያንተን ቀሚስ ቁልፍ እተክል ነበር። አንኮራፋህ፣ አንኮራፋህ፣ ከዚያ ቀጥ አልህ። ደረትህ ይታገላል፤ አየር ግን አይገባም። ደንግጬ አቡነ ዘበሰማያትን ጀመርሁ። «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ» ላይ ስደርስ ከውኃ እንደወጣ ሰው እህህ ብለህ ተነፈስህ። ሳትነቃ እንደገና ጀመርህ። እንደገና ቆምህ። እኔም እንደገና ጸለይሁ። ያን ቀን ከሰዓት ጸሎቱን ስንት ጊዜ እንደጀመርሁት አላውቅም፤ አንድ ጊዜም ግን እስከ አሜን አላደረስኸኝም።

ሐኪም ቤት የሄድነው በማግስቱ ነው። ወጣቷ ሐኪም ሜትር አውጥታ አንገትህን ስትለካ «ልጄ፣ ኮሌታ ልትሰፊልኝ ነው?» አልሃት። እሷም ሳቀችና ነገሩን በሚገባን ቋንቋ አስረዳችን። ስትተኛ የጉሮሮህ ጡንቻ ይላላል፤ ምላስህ ወደኋላ ይሸሻል፤ የአየሩ መንገድ ይደፈናል። ትንፋሽ ሲቋረጥ አንጎል ደንግጦ ይቀሰቅስሃል፤ አንተ ግን መንቃትህን አታውቀውም። ሌሊቱን ሙሉ ታንቆ ሲለቀቅ ያደረ ሰው ቀን ቢያንቀላፋ ምን ይገርማል? የደም ግፊትህም ከፍ ብሎ ነበር። ክብደት ቀንስ አለችህ፣ ማታ ማታ ጠላ ተው፣ በጎንህ ተኛ፣ አዲስ አበባ ሄደህ እንቅልፍህን አስለካ፤ ከዚያ አፍንጫ ላይ እየታሰረ ሌሊቱን አየር የሚገፋ ጭንብል ይታዘዝልሃል።

መልስህን እስካሁን በየቤቱ እተርከዋለሁ። ክብደቱን «በተዝካር የሚኖር ካህን ከሳ ማለት አገሩ ሰው አልሞተበትም ማለት ነው» ብለህ አለፍኸው። ጭንብሉንማ ሥዕሉን ስታሳይህ «ይህ ዝሆን ነው፤ ደግሞም ሲመጣና ሲሄድ በሚውል መብራት ትንፋሼን አላስርም» አልህ።

መርፌውን ያመጣው ዳዊት ነው። ልጅህ በሚኒባስ መሪ ላይ ተቀምጦ ከጎንደር ማክሰኝት ሲመላለስ የሰማው ሕክምና ተጽፎ ቢያዝ አንድ ኮሌጅ ያስከፍታል፤ ሚኒባስ ውስጥ የማይድን በሽታ የለምና። አዘዞ ላይ ቻይና ሄዶ ሠልጥኖ የመጣ፣ አኩፓንክቸር የሚሉትን የመርፌ ሕክምና የሚሠራ ባለሙያ አለ፣ ወገቡ የተያዘ ተሳፋሪ ከሱ ወጥቶ ጆንያ ተሸከመ፣ ለማንኮራፋትም ይሠራል ተባለ። ሐኪሟን ጠየቅናት። እሷም «አንዳንድ ሰው ይረዳ ይሆናል፤ ይፈውሳል ብዬ ልነግርዎ የምችልበት በቂ ማስረጃ ግን የለኝም። ከፈለጉ ይሞክሩት፤ ልኬቱን ግን እንዳይተዉ፤ እንዳይተዉ አደራ» አለችህ። አንተ ከዚያ ሁሉ ቃል «ይሞክሩት» የሚለውን ብቻ ይዘህ ወጣህ። ምንባብ እንዴት እንደሚቆረጥ የምታውቅ ሰው አይደለህ!

ባለሙያው አቶ ክንዴ ትሑት ሰው ነው። ሁለት አልጋ፣ አንድ መጋረጃ፣ ግድግዳው ላይ መስመር የተሠመረበት የሰው ሥዕል። መርፌዎቹ እንደ ፀጉር የቀጠኑ። ከአገጭህ ሥር፣ ከእጅህ አውራ ጣት አጠገብ፣ ከቁርጭምጭሚትህ በላይ ተከላቸው። ኃይል በነዚህ መስመሮች ይሄዳል፣ ሲታገት ሕመም ይሆናል ብሎ ሲያስረዳህ ዓይንህ በራ። «የሺ፣ ይህማ የዜማ ምልክት ነው!» አልህ፤ ከተጋደምህበት ሳትንቀሳቀስ በዓይንህ እያሳየኸኝ፣ አገጭህ ላይ ያለው ይዘት፣ እጅህ ላይ ያለው ጭረት፣ እግርህ ላይ የተደረደሩት ርክርክ እንደሆኑ አስተማርኸኝ። «ብራና ሆንሁ እኮ» አልህ። ከዚያ ጾም ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየሁህም ነበር።

መጀመሪያ የሄድነው ቅዳሜ በመሆኑ ጣጣ መጣ። መርፌው ሲነቀል ከአገጭህ ሥር አንዲት የደም ጠብታ ብቅ አለች። ደም የወጣው ሰው አይቆርብምና እሑድ ከሥጋ ወደሙ ቀረህ። ባል ቀርቶ ሚስት ብቻዋን ስትቆርብ ያየ ምእመን የሚያስበውን ታውቃለህ። «መሪጌታ ምን አጥፍተው ይሆን?» ተባለ። አንዷማ መጥታ «እትዬ የሺ፣ አይዞሽ፣ ወንድ ልጅ ይሳሳታል» ብላ አጽናናችኝ። አንተ በቻይና መርፌ ተወግቼ ነው ከምል የሌላ ሴት ሐሜት ይሻለኛል አልህ። ከዚያ ወዲያ ቀጠሯችን ሰኞ ሆነ።

አሁን ወደሚከብደኝ መጣሁ።

አቶ ክንዴ በየሰኞው መርፌውን ከመትከሉ በፊት የሚጠይቀው አንተን አልነበረም፤ እኔን ነው። «እማማ፣ የተኛ ሰው ስለ ራሱ አያውቅም። የሚያውቀው አጠገቡ ያለ ሰው ነው። እንዴት አደሩ?» ይለኛል። በሦስተኛው ሳምንት ለሁለት ሌሊት በእውነት ቀነስ ያለልህ መሰለኝ። መርፌው ይሁን፣ በጎንህ መተኛትህ ይሁን፣ ያን ሳምንት ጠላ ያልቀመስህ መሆንህ ይሁን አላውቅም። «ቀንሷል» አልሁት፤ እውነት ነበር። በማግስቱ ጠዋት ዓይንህን እንደገለጥህ፣ ያ ሁሉ ጺም ይዘህ እንደ ሕፃን ልጅ አየኸኝና «አንኮራፋሁ?» አልኸኝ።

አንኮራፍተህ ነበር። ጣሪያው እስኪነቃነቅ። ትንፋሽህም ቆሞ ነበር፤ እኔም ክንድህን ስነቀንቅ ነበር ያደርሁት። ፊትህን ሳይ ግን ያ አልጋው ጫፍ ላይ የተቀመጠው ሰው ታየኝ። «ኧረ የለም፣ እንደ ሕፃን ነው የተኛኸው» አልሁህ።

አንድ ጠዋት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ውሸት ግን እንደ እንግዳ ነው፤ አንዴ አስገብተህ መኝታ ካነጠፍህለት ነገ ሂድ አይባልም። በየጠዋቱ ትጠይቀኛለህ፤ በየጠዋቱ እመልስልሃለሁ። አንተም ደስ አለህ፤ ዳገቱን ሳታርፍ ወጣህ፤ ተማሪ መቆጣት ተውህ። እውነት እልሃለሁ፣ ውሸቴ የሠራልህን ያህል መርፌው የሠራ አይመስለኝም። አቶ ክንዴ መዝገቡ ላይ «ቆሟል» ብሎ ጻፈ። ሐኪሟ የአዲስ አበባውን ቀጠሮ ስታስታውስህ «ልጄ፣ ምን ይለካል? ምስክር አለኝ» ብለህ በኩራት ወደኔ ጠቆምህ። ልጅቱ አየችኝ። «እውነት ነው እማማ?» አለችኝ። አዎ አልኋት። ሐኪም ቤት ውስጥ፣ ነጭ ጋውን ለለበሰች ሴት፣ ማተቤ አንገቴ ላይ እያለ፣ አዎ አልኋት።

ያ የጥቅምት ማለዳ ለኪዳን ስነሣ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። ጆሮዬን አላመንሁም። ምንም ድምፅ የለም። ወደ ግድግዳው ዞረህ፣ ጋቢህን ተከናንበህ ተኝተሃል። መጀመሪያ ምን እንዳሰብሁ ልንገርህ፤ ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው። ደስ አለኝ። ውሸቴ እውነት ሆነልኝ ብዬ ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ሐፍረቴን አይቶ ፈወሰው አልሁ። እንዳልቀሰቅስህ ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ። ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ጧፍ ለኮስሁ፤ የምስጋና ጧፍ። ኪዳኑ እስኪያልቅ ቆሜ አመሰገንሁ። ስመለስ ፀሐይዋ መስኮቱ ላይ ደርሳ ነበር። ከጋቢው የወጣውን እግርህን ላለብስ ነካሁት።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንተ አታውቀውም፤ እኔም በደንብ አላስታውሰውም። ሐኪሟን ከአርባህ በኋላ ሄጄ ጠየቅኋት። ግፊትም ሊሆን ይችላል፣ ልብም ሊሆን ይችላል፤ እንቅልፉ ነው ልልዎ አልችልም፣ አይደለምም ልልዎ አልችልም አለችኝ። በወቀሳ አላየችኝም። ቢወቅሱኝ ይቀለኝ ነበር።

በፍትሐትህ ላይ ግን ክብርህን ብታይ! «ሲቆሙ እንደሚነጠቁ ሁሉ ተኝተው ተነጠቁ» ተባለልህ። ሕዝቡ አለቀሰ። ከዳባት እኒያ አዛውንት መጥተው ነበር። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ቆምሁ። ሰው ሐዘን መሰለው፤ ሐዘንም ነበረበት፤ ይበልጡን ግን አፌን ይዤ ነው።

ዳዊት ብቻዬን እንዳልሆን ብሎ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ቤት ተመለሰ። ሚስቱ ከሄደች ወዲህ አዘዞ በኪራይ ቤት ብቻውን ነበር፤ ታውቃለህ። በመጀመሪያው ሌሊት ወይዘሮ አሰገደች በግድግዳው ማዶ «ተመስገን፣ መጣልኝ» ብላ በሰላም ተኛች። እኔ አልተኛሁም። አንገቱ ያንተ ነው። ማንኮራፋቱ ያንተ ነው። መቆሙም ያንተ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው።

ለራሴ፣ ይደክመው ይሆናል አልሁ። አንዴ ያወቀኝ ውሸት ለኔም ይዋሽልኝ ጀመር። ከአምስት ሳምንት በፊት ግን ሠርኩን እየሳቀ ገባ። ከማክሰኝት ገበያ ሰው ሞልቶ ሲመለስ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዓይኑ ለቅጽበት ከደን ቢል ማኪናው አስፋልቱን ለቆ የሰው ማሳ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ማንም አልተጎዳም። «የጮኹት ዶሮዎቹ ብቻ ናቸው፤ ሰዉማ መንገድ ያሳጠርሁለት መስሎት ነበር» ብሎ ሳቀ። እንጀራውን ግን ሁለት ጊዜ ቆርሶ ሳይጎርስ መለሰው። ከዚያ እንዲህ አለኝ፤ «አይዞሽ እማ፣ ነገ ክንዴ ጋ ሄጄ መርፌዬን እጀምራለሁ። አባባን አድኖት የለ? አንቺ አይደለሽ የነገርሽን?»

ይትባረክ፣ ሞትህን ስሰማው የመጀመሪያዬ ያን ቀን ነው።

ሌሊቱን ቃል ስመርጥ አደርሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ቃል አስተምሬ አንድም አጣሁ። ጠዋት ግቢው ውስጥ ማኪናውን ሊያስነሣ ሲል በሩን ከፍቼ ከጎኑ፣ ተሳፋሪው ከሁሉ በፊት የሚሻማበት ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። «ወዴት ነሽ እማ?» አለኝ። የትም አልሁት። አባትህ አልዳነም። ማንኮራፋቱ አልቆመም፣ ትንፋሹም መቋረጡን አልተወም፣ ቆሟል ያልሁ እኔ ነኝ፤ በየጠዋቱ የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ልኬቱን የተወው እኔን አምኖ ነው አልሁት። ስጨርስ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ወደፊት እያየ «ታዲያ ለኔ ለምን? ለኔስ ለምን ዋሸሽኝ እማ? አርባው ካለፈ በኋላ እንኳ?» አለኝ። «ደስ ብሎት ስለነበር» አልሁ። ቁልፉን ነቅሎ ጭኔ ላይ አስቀመጠውና በእግሩ ወጥቶ ሄደ።

አሥራ አንድ ቀን አልመጣም። ስልክ አላነሣም። የሰማሁት አዘዞ ጓደኛው ጋ እንዳለ፣ ማኪናውን እንዳልነዳ ብቻ ነው። ቁልፉ እኔ ጋ ነዋ።

በሦስተኛው ቀን አቶ ክንዴ ጋ ሄድሁ። ያንኑ ቃል ነገርሁት። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። «እማማ፣ ወገቡን ያመመው ሰው ተሽሎት እንደሆነ ራሱ ይነግረኛል። ለዚህ ግን ማስረጃዬ እርስዎ ብቻ ነበሩ። ለስንት ሰው መሪጌታን ምሳሌ አድርጌ ነገርሁ መሰለዎት?» አለኝ። ከዚያ መዝገቡን አወጣና ለማንኮራፋት የሚመጡትን ሁሉ ስም እያነበበ መደወል ጀመረ፤ አጠገባችሁ የሚተኛውን ሰው ይዛችሁ ኑ፣ መጀመሪያ ግን ሐኪም ቤት ሂዱና ተለኩ እያለ። እኔ መጋረጃው አጠገብ፣ አንተ ብራና ሆንሁ ባልህበት አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ እያንዳንዱን ስም ሰማሁ። ሰው ነው ሁሉም፤ ሚስት አለው፣ ልጅ አለው። የኔ አንዲት «አዎ» የስንቱን ቤት እንዳንኳኳች ያን ቀን አየሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዳዊት መጣ። ከሳ ብሏል። አልሳመኝም፤ አልተቆጣኝምም። ሐኪሟ ጋ ሄዶ ኖሯል። እሷ አንገቱን ለክታ፣ ግፊቱን አይታ፣ አዲስ አበባ እንቅልፍህን ሳትለካ መሪ እንዳትይዝ ብላ አስጠንቅቃዋለች። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። በሽተኛው የሚሞላው ጥያቄ ነው፤ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ታንቀላፋለህ ወይ፣ ጠዋት ራስህን ያምሃል ወይ የሚል። ከታች አንድ ጥያቄ በሽተኛው ሊመልሰው የማይችለው ነው፤ ተኝተህ ሳለ ትንፋሽህ ሲቋረጥ ያየ ሰው አለ ወይ፤ ካለ ስሙና ዝምድናው ይጻፍ፤ ያየውንም ራሱ ይግለጽ ይላል። ስሜ ተጽፎበት ነበር። በልጅህ እጅ፣ በዚያ ዶሮ የጫረው በሚመስል ጽሕፈቱ፣ «የሺ፣ እናት» ብሎ ጽፎ ነው የመጣው። መነጽሬን አቀበለኝና «ጻፊ እማ» አለኝ።

በሕይወቴ ብዙ ጽፌአለሁ፤ እንደዚያ ብዕር የከበደኝ ግን የለም። ያየሁትን ጻፍሁ። ስንት ጊዜ እንደሚቆም፣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ከንፈሩ እንዴት እንደሚጠቁር፣ እኔ እንዴት እንደምቀሰቅሰው። ቦታው አልበቃ ብሎኝ ጀርባው ላይ ቀጠልሁ። ዳዊት ከትከሻዬ በላይ ቆሞ አነበበውና ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ከነገ ወዲያ ይሄዳል፤ በተሳፋሪ ወንበር። መርፌውንም አልጠላውም፤ ከጭንብሉ ጋር ይረዳህ ይሆናል ካሉኝ ያኔ አስብበታለሁ ይላል። የሚያስበው ነቅቶ ከሆነ እኔ ተቃውሞ የለኝም።

ሙት ዓመትህ ሲደርስ ካህናቱ ስለ ተመስጦህ ይናገራሉ። አላፋልማቸውም፤ ሰው ካንተ ያየውን ደግ ነገር ልነጥቅበት አልወጣም። እኔን ቢጠይቁኝ ግን ጉሮሮው ይደፈን ነበር፣ ጠላ ይወድ ነበር፣ ዝሆን መምሰል አይፈልግም ነበር፣ ማኅሌት ቆሞ ሲተኛ እንኳ ዜማው ከአፉ አይጠፋም ነበር፣ አንድ ቀን ሲጠፋውም ልቡ ተሰበረ እላለሁ። ይቅር በለኝ ማለት ይገባኛል፤ ይኸው አልሁ። አንተ ይቅር ማለትህን ግን በራሴ አልመሰክርም፤ ይህን እንኳ ተምሬአለሁ።

እስክመጣ ድረስ አልረሳህም። እንደሚሉህ አይደለም፤ እንደምመኝህም አይደለም። እንዳየሁህ።

ሚስትህ የሺ